ለሰይፈ አይነሱም

ጋሽ ተሻለ ለማንም ይነሱ ነበር። ለሽማግሌ መነሳት ያለ ነው። እሳቸው ግን በአህያ ውሃ ለሚያመጣው ሰውዬ፣ ቆጣሪ ለሚያነበው፣ ባልዲ ይዛ ለምትገባው ጽዳት ሠራተኛ ሳይቀር «ኖር!» ብለው ብድግ ይላሉ። አንድ ጊዜ ወባ ጥሏቸው፣ ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ ሳለ፣ የጎረቤት ልጅ የተዋሰችውን ሳህን ልትመልስ ገባች። ብድግ ሲሉ መርፌው ተነቀለ፤ አልጋው ደም በደም ሆነ፤ ልጅቷም ሳህኑን ጥላ ሮጠች። ጋሽ ተሻለ ትኩሳቱ ሲለቃቸው መጀመሪያ የጠየቁት፣ «ያቺን እንግዳ ይቅርታ የጠየቀልኝ አለ?» ብለው ነው።

ይህን የማወራው ሐርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ትሠራ ስለነበረበት ዘመን ነው። አሁን ለመጣ ሰው ያንን ከተማ ማስረዳት ይቸግረኛል። ግድግዳው ወይ ጥይት የበሳው ነው፣ ወይ ሲሚንቶው ገና ያልደረቀ። ጠዋት ጠዋት ከደረቁ ወንዝ አሸዋ የጫኑ መኪኖች በሰፈራችን በጅግጅጋ ያር ሲያልፉ ሻያችን ውስጥ አሸዋ ይገባል፤ እኛም አማስለን እንጠጣዋለን። ጣሪያ የሌለው ቤት የተከራየ ሰው እንኳ፣ ጣሪያው ሲመጣ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚቀባው እየተጨነቀ ያድር ነበር። እንደዚያ ያለ ጭንቀት ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ጋሽ ተሻለ እዚያ የነበሩት አሁን የሌለ የአንድ ትንሽ የአየር ማመላለሻ ኩባንያ ኃላፊ ሆነው ነው። እኔ ፈንታሁን እሳቸው ስር ጫኝ ሆኜ ገብቼ የጽሕፈት ሠራተኛ ሆኜ ወጣሁ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከካርቶን ላይ ነው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ከሁሉ አጥርቼ የምናገረው «ይህ ጎን ወደ ላይ» የሚለውን ነው። አርብ አርብ የጅግጅጋ ያር ሐበሻ ሁሉ ጋሽ ተሻለ ቤት ይሰበሰባል፤ የቆንስላው ሰው፣ የእርዳታ ድርጅቱ ሰው፣ ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ያደጉ አማርኛ የናፈቃቸው የሐርጌሳ ልጆች። እሳቸው ለአንዱ ተነስተው ሳይቀመጡ ሌላው ይገባል። ሲመሽ እግራቸው ያብጣል።

ከጡረታቸው በኋላ ከቤት ወደ ገበያ ሲወጡ ዳገቱ ላይ መቆም አበዙ። ቆመው የሚሠራ ፎቅ ያያሉ። ሐርጌሳ ውስጥ ቆሞ ግንባታ ማየት የሁሉም ሰው ሥራ ስለነበር ማንም አልጠረጠረም። እኔ ራሴ አጠገባቸው ቆሜ ስለ ፌሮው አስተያየት እሰጥ ነበር። በኋላ ነው፣ የሚቆሙት ደረታቸውን እንደ ጉጠት ሲጨብጣቸው መሆኑን የነገሩኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ የግል ሆስፒታል የልብ ክፍል ከፍቶ ነበር። ማሽኑ ከበርበራ ወደብ በከባድ መኪና ሲመጣ ሕዝቡ ወጥቶ አይቶታል። ሐኪሟ ዶክተር ሲራድ ናት፤ የሐርጌሳ ልጅ፣ ፒያሳ ያደገች፣ አማርኛዋ ከኔ የሚሻል። ጋሽ ተሻለን ፊቷ አስቀምጣ፣ ማለትም ለሷ ተነስተው እንዲቀመጡ ለምና፣ እንዲህ አለቻቸው፦

«ጋሼ፣ ልብዎን የሚያጠጣው የደም ስር ጠቧል። ደረት አልከፍትም። ከብሽሽትዎ በቀጭን ቱቦ ገብቼ እስከ ልብዎ እሄዳለሁ። የጠበበው ቦታ ላይ ትንሽ ፊኛ ነፍቼ፣ ተመልሶ እንዳይዘጋ የሽቦ ወንፊት የመሰለ ቧንቧ ትቼ እወጣለሁ።»

«በብሽሽት ልብ ድረስ?»

«አዎ።»

«መንገዱን ታውቂዋለሽ?»

«ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ።»

«እንግዲህ አንቺ ካወቅሽው» አሉ ጋሽ ተሻለ። ሰው መንገድ አውቃለሁ ካለ አይከራከሩም፤ የሙያ ነገር ነው።

«በሌላው ዓለም አሁን በእጅ አንጓ መግባት ጀምረዋል» አለች። «እሱ ለበሽተኛው ይቀላል፤ ወዲያው ይነሳል። ለዚያ የሚሆነው ዕቃ ግን ገና በርበራ ጉምሩክ ነው። ደረትዎ ደግሞ ጉምሩክ አይጠብቅም። ስለዚህ በእግር ነው። ከዚያ በኋላ ለስድስት ሰዓት ያህል በጀርባዎ ይተኛሉ። እግርዎ አይታጠፍም፣ ራስዎ ቀና አይልም። የተበሳው ትልቁ የደም ስር ነው። ቢከፈት እኛ እስክንደርስ ብዙ ደም ይፈሳል።»

ጋሽ ተሻለ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ መሃል ነርሷ ሂቦ በር ከፍታ ገባች።

«ኖር!» ብድግ።

ዶክተር ሲራድ እኔን አየችኝ። እኔም እሷን።

ሂቦን ኮሪደር ላይ አግኝተን ተመካከርን። ድሬዳዋ ያደገች፣ ቀጥ ብላ የምትናገር ሴት ናት።

«አዴር ተሻለ ከጠዋት ጀምሮ እኔ በገባሁ ቁጥር ተነስተዋል» አለች። አዴር ማለት አጎቴ እንደ ማለት ነው። «መርፌ ይዤ ተነሱልኝ። የሽንት ዕቃ ይዤም ተነሱልኝ።»

«በሩን እንቆልፋ» አልኩ።

«ሐርጌሳ ላይ? በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣን ሰው በበር ከከለከልከው በመስኮት ይገባል። ደግሞ የሳቸውን ጠያቂ ታውቃለህ፤ የናንተም ይመጣል፣ የኛም ይመጣል።»

«እንቅልፍ ይሰጣቸው።»

«አይሆንም» አለች ዶክተር ሲራድ። «ደረታቸውን ካመማቸው ሊነግሩኝ ይገባል።»

«በሻሽ ከአልጋው ጋር እንሰራቸው።»

«ሲታገሉ ይብሳል» አለች ዶክተር ሲራድ። «ሰው ሊገባ ሲል የሚከለክል፣ ቀና ሲሉ የሚይዛቸው አንድ ሰው አጠገባቸው መቀመጥ አለበት። ግን ለዚያም ሰው ይነሱለታል። እስቲ አስቡ፤ እኚህ ሰውዬ የማይነሱለት ሰው በዓለም ላይ አለ?»

አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ስማቸውን መጥራት ግን ፈራሁ።

አቶ ሰይፈ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የትርጉም ቢሮ ነበራቸው። ቀድሞ የቆንስላው አስተርጓሚ ነበሩ፤ ሙሉ ሱፍ ለብሰው አሸዋ ላይ የሚሄዱ ትልቅ፣ በጣም ትልቅ ሰው። የጠባቸው ነገር እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጠጠር ነበር፣ አውሮፕላኗም ሚጢጢ። ስለዚህ ጋሽ ተሻለ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን መንገደኛውንም ይመዝናሉ። ሁሉም በተራ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ እሳቸው ኪሎውን ጮክ ብለው ይጠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አቶ ሰይፈ ልጃቸውን ሊድሩ አዲስ አበባ የሚሄዱ ቀን ሚዛኑ ላይ ወጡ። ጋሽ ተሻለ ኪሎውን ጠሩት። ሰልፉ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ፤ አንዲት አሮጊት «ማሻአላህ» አለች። ከዚያ ጋሽ ተሻለ በትሕትና፣ «አቶ ሰይፈ፣ ወይ እርስዎ ወይ ሻንጣው» አሉ።

ሻንጣው ቀረ። የሠርግ ሱፋቸው ደግሞ ሻንጣው ውስጥ ነበር። በሠርጉ ፎቶ ላይ አቶ ሰይፈ የአማቻቸውን ኮት ለብሰው፣ እጅጌው ክንዳቸው ላይ ቀርቶ ይታያሉ። ሲመለሱ በአርብ ጉባኤው መሃል ጋሽ ተሻለን «አንተ የሥጋ ቤት ሚዛን!» አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ተሻለ ለአቶ ሰይፈ አይነሱም። በለቅሶ ቤት እንኳ፣ አቶ ሰይፈ ሲገቡ ድንኳኑ ሁሉ ሲነሳ እሳቸው ተቀምጠው ጫማቸውን ያያሉ።

ነገሩን ለአቶ ሰይፈ አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«በትክክል ልተርጉመው» አሉ። «እዚህ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተፈልጎ፣ እኔ የተመረጥኩት ስለሚጠላኝ ነው?»

«እንደዚያ ነው፣ ጋሼ።»

«ቢነሳልኝስ?»

«ይሞታሉ።»

«ለሱ የሚጠቅም ነገር አለኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር» አሉና ኮታቸውን አነሱ።

በሕክምናው ቀን ዶክተር ሲራድ ከመስታወቱ ጀርባ እንድቆም ፈቀደችልኝ። ስክሪኑ ላይ የጋሽ ተሻለ ልብ ይመታል። በቱቦው ቀለም ሲለቀቅ የደም ስሮቹ አንድ ባንድ ጠቆሩ፤ የኛ ደረቅ ወንዝ ክረምት ላይ ድንገት ሲሞላ ልክ እንደዚያ ነው። አንደኛው ጋ ሲደርስ ጎርፉ ቀጥኖ ክር አከለ። ሽቦው ገባ፣ ፊኛው ተነፋ፣ ወረደ። ቀለሙ እንደገና ሲለቀቅ ያ ክር ወንዝ ሆኖ አለፈ። የሐርጌሳ ልጅ ስላልሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ውሃ ሲያልፍ አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የጅግጅጋ ያር ሰው ወንዙ ሲሞላ የሚያስበው መሻገር አቅቶት ማዶ የቀረ ዘመዱን ነው።

ብሽሽታቸው በፋሻ ታሰረና የአሸዋ ከረጢት ተጫነበት። ከረጢቱን ሂቦ ራሷ ነው የሰፋችው፤ አሸዋው ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ደርቆ ነው እንጂ ያው የወንዛችን አሸዋ ነው። ከተማዋን የምንሠራበት። ሂቦ ለራሷም ዘዴ አበጀች፤ ስትገባ ጎንበስ ብላ ከራስጌ በኩል ትመጣለች፣ እንዳያዩዋት። እኔ በውጭ በር ላይ ቆምኩ። በሩ ገርበብ ስላለ ሁሉንም እሰማለሁ።

አቶ ሰይፈ ገቡ። ጋሽ ተሻለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አልተነሱም። ዶክተር ሲራድ ኮሪደሩ ላይ ትንፋሿን ለቀቀች።

«ማን አስገባህ?» አሉ ጋሽ ተሻለ ለግድግዳው።

«ሐኪም አዞልህ ነው» አሉ አቶ ሰይፈ፣ ወንበሩ እየጮኸ ሲቀመጡ።

«ሌላ መድኃኒት ጠፋ?»

«አለቀ አሉ። ሻንጣዬስ ደህና ነው?»

«ከሦስት ቀን በኋላ ልኬልሃለሁ!»

«ከሠርጉ በኋላ። ሙሽሮቹ ጫጉላ ላይ ሆነው ሱፌ ደረሰ። የትኛውን ሠርግ ልደግስበት? ያንተን?»

«አውሮፕላኗ አትነሳም ነበር፣ ሰይፈ! ሜዳው ጠጠር፣ ፀሐዩ እሳት። ካንተ ጋር ሻንጣህን ብጭን ጫፉ ላይ ካለው የፍየል በረት ውስጥ ነበር የምታርፉት።»

«ታዲያ ኪሎዬን ለምን ጮህከው? በጆሮዬ አትነግረኝም?»

«ሥርዓቱ ነው» አሉ ጋሽ ተሻለ።

እንዲህ እያሉ ቀኑ ሄደ። ጠያቂ ይመጣል፤ እኔ እመልሳለሁ። የቆንስላው ሰው፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ ሁለት የቀድሞ አብራሪዎች ተቆጥተው ተመለሱ። ውስጥ ግን ጠቡ እየሳሳ መጣ። የሰማሁት ያሳስበኝ ጀመር፤ ከታረቁ ይነሱላቸዋል። አቶ ሰይፈ፣ «ያ ፍየል የሚያባርረው ሰውዬስ?» አሉ። ጋሽ ተሻለ፣ «አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል በሞተር ሳይክል ሜዳውን የሚዞረው?» አሉ። «አንድ ቀን ፍየሎቹ እሱን ሲያባርሩት አየሁ።» ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ዶክተር ሲራድ ሮጣ መጣች።

«እንዳይስቁ! ሆዳቸው ሲወጠር ይከፈትባቸዋል። አቶ ሰይፈ፣ ይስደቧቸው እባክዎ።»

«አለቀብኝ እኮ፣ ልጄ።»

«ይፈልጉ።»

አቶ ሰይፈ ፈለጉ። የጋሽ ተሻለን ትውልድ አገር ሰደቡ፣ የእግር ኳስ ቡድናቸውን ሰደቡ፣ የሻይ አፈላላቸውን ሰደቡ። ጋሽ ተሻለ በቁጣ ቀልተው፣ ጸጥ ብለው ተኙ። ደህና ነበርን።

የተሸነፍነው በሐጂ ቡራሌ ነው። ሐጂ ቡራሌ የጋሽ ተሻለ ቤት አከራይ፣ ፂማቸው በሂና የቀላ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ተሰደው ኢትዮጵያ ሐርታ ሼክ ካምፕ ውስጥ ኖረው አማርኛ ተምረዋል። ጋሽ ተሻለ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፉት ሐጂ ቡራሌ ከራሳቸው ቤት ላይ ነቅለው ባመጡላቸው ቆርቆሮ ሥር ነው። እኚህን ሰው ከበር ለመመለስ በርግጥ ሞከርኩ።

«ሐጂ፣ ሐኪም ከልክሏል።»

«ማንን?»

«ጠያቂን።»

«እኔ ጠያቂ ነኝ? እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ፣ ዋርያ» አሉና በከዘራቸው ገፍተውኝ ገቡ።

«ኖ—» የሚለውን ሰማሁ።

ስገባ ጋሽ ተሻለ በክርናቸው ቀና ብለዋል። ጉልበታቸው ታጥፏል፤ የአሸዋ ከረጢቱ ወለሉ ላይ ወድቋል። ነጩ ፋሻ መሃሉ ላይ ቀላ፣ ከዚያ ቀይ ሆነ፣ ከዚያ አንሶላው። ሁላችንም ቆመን አየነው። ከሁላችን ቀድመው የተንቀሳቀሱት አቶ ሰይፈ ናቸው። አንድ እጃቸውን የጋሽ ተሻለ ደረት ላይ አድርገው ወደ ኋላ ጣሏቸው፤ ሌላውን መዳፍ ብሽሽታቸው ላይ ጫኑ። ከዚያም ከወንበሩ ላይ ሙሉ ለሙሉ ተነስተው መላ ሰውነታቸውን በዚያ መዳፍ ላይ አሳረፉት።

«ሰይፈ፣ ልቀቀኝ! ሐጂ ቆመዋል!»

«ተኛ!»

«ሽማግሌ ቆሞ እኔ ልተኛ? ነውር ነው!»

«እኔ ቆሜያለሁ!» ብለው ጮኹ አቶ ሰይፈ። «አየኸኝ? ቆሜያለሁ። ስላንተ ነው የቆምኩት። ሐጂ፣ ኖር! በተሻለ ስም!»

እውነትም ቆመው ነበር። ጎንበስ ብለው፣ ሱፋቸው እስከ ክርን ደም ነክቶት፣ ላባቸው አፍንጫቸው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ቆመው ነበር። ሐጂ ቡራሌ አንሶላውን አዩ። «አስታግፊሩላህ» አሉ በቀስታ። ከዚያም ዘላለም የማልረሳውን አደረጉ። ከዘራቸውን አስቀምጠው፣ አልጋው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ እግራቸውን አጣጥፈው ቁጭ አሉ። እዚያ ሲቀመጡ ከጋሽ ተሻለ ዝቅ ይላሉ።

«እኔ ተቀምጫለሁ» አሉ። «ለተቀመጠ ሰው አይነሳም። ተኛ፣ ወንድሜ።»

ጋሽ ተሻለ ራሳቸውን ትራሱ ላይ ጣሉ። ፊታቸው እንደ ኖራ ነጥቷል። ሂቦ እየሮጠች መጣች፤ ደሙን ስታይ ጎንበስ ማለቱንም ረሳችው። ዶክተር ሲራድ ተከትላት ገባችና የአቶ ሰይፈን እጅ አየች።

«እንዳይለቁ» አለች። «ቦታው ልክ ነው። እኔ እስክልዎ እንዳይለቁ።»

«አለቅም። ብዙ ኪሎ አለኝ» አሉ አቶ ሰይፈ።

ደም ተሰጣቸው፤ የግፊት መለኪያው ቁጥር ዝቅ እያለ ቆየ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን አወጡ። ሂቦ ልቀይርዎ ስትላቸው አቶ ሰይፈ እምቢ አሉ። ጋሽ ተሻለ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳለ አቶ ሰይፈ በጆሯቸው፣ «አንተ የሥጋ ቤት ሚዛን፣ ትሰማኛለህ?» አሏቸው።

«እሰማለሁ።»

«እንዳትሞትብኝ። ሐኪሟ ያዘዘችኝ እንድሰድብህ ነው፤ ሬሳ አልሰድብም።»

«አልሞትም» አሉ ጋሽ ተሻለ። «አንተ ላዬ ላይ ሆነህ እንዴት አድርጌ እሄዳለሁ?»

ዶክተር ሲራድ ጠብቃ ጠብቃ፣ «አሁን ቀስ ብለው ያንሱ» አለች። አነሱ። አልደማም። አቶ ሰይፈ ወንበሩን ሳያገኙት ሐጂ ቡራሌ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ያ ሁሉ አልፏል። ዶክተር ሲራድ አሁን የምትገባው በእጅ አንጓ ነው። ጠዋት የገባ ሰው ከሰዓት በኋላ አንጓው ላይ አምባር የመሰለ ፕላስቲክ አስሮ በሚኒባስ ወደ ዳሚ ሰፈር ሲሄድ አያለሁ፤ ቆሞ ነው የሚሄደው፣ ለአሮጊት ወንበር ለቆ። አሁን ደግሞ የልብ በር ሳይቀር ያለ ቀዶ ጥገና በቱቦ ይቀየራል እየተባለ ነው፤ ልጆቻችን ይህን ሁሉ እንደ ተራ ነገር ያወሩታል። አቶ ሰይፈ ግን ወሬው ሲነሳ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። «በእጅ ቢሆን ኖሮ» ይላሉ፣ «እስከ ዛሬ አላናግረውም ነበር።»

እኔ የሚናፍቀኝ ጋሽ ተሻለ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው አርብ ነው። ቤቱ አዲስ ቀለም ይሸታል። ዶክተር ሲራድ በልክ እንዲነሱ ፈቅዳላቸዋለች። ለሂቦ ተነሱ፣ ለአብራሪዎቹ ተነሱ፣ ሐጂ ቡራሌ ሲመጡ ከሁሉ በላይ ብድግ አሉ። ከቆንስላው አዲስ ለመጣው ኬብሮን ለተባለው ወጣትም ተነሱ፤ ልጁ አፍሮ የሚገባበት ጠፋው። ከዚያ አቶ ሰይፈ በሩ ላይ ቆሙ፣ ያንኑ ሱፍ አሳጥበው ለብሰው።

ጋሽ ተሻለ አልተነሱም። እግራቸውን ዘርግተው፣ ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። አቶ ሰይፈ አዩዋቸው፣ በደንብ አዩዋቸው፤ ከዚያ ደስ እያላቸው ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡና ሳይጠይቁ የጋሽ ተሻለን ሻይ አንስተው ጠጡ።

ኬብሮን ወደኔ ጠጋ ብሎ ያንሾካሾከ መስሎት፣ «ለአቶ ሰይፈ ብቻ ለምን አልተነሱም?» አለ።

ጋሽ ተሻለ ሰሙት።

«ሐኪም ከልክሎኛል» አሉ።